አልአዛር «ሸዋ» ሲል

ሆሳዕና የወይዘሮ ማናልሞሽን ቀሚስ ወገቡ ላይ በስፒል እያስያዘች ሳለ ጓሮው ጭር ማለቱ ታወቃት። ከማለዳ ጀምሮ ሲንዶቀዶቅ የነበረው ሙዚቃ የለም። ሁለት ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ጆሮዋን አቀናች። ከዚያ ስፒሎቹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና በጓዳ በኩል ወጣች።

አልአዛር ሁልጊዜ የሚጨፍርበት፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ያለው ደልዳላ መሬት ባዶ ነው። ሽንት ቤቱን ከፈተች፤ የለም። ስሙን እየጠራች ቤቱን ዞረችው። ከዚያ የአጥሩን በር አየች። የቆርቆሮው በር ስንዝር ያህል ተከፍቷል። የእሑድ ሰርግ ቀሚሷ ያስቸኮላትን ማናልሞሽን ስታስገባ ሳትቆልፈው ቀርታለች።

አልአዛር የሃያ ሦስት ዓመት ወንድሟ ነው። ዳውን ሲንድረም አለበት። ያንን ስም ቤተሰቡ የሰማው ልጁ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ከአንዲት ነርስ አፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰፈሩ የመሰለውን ስም ያወጣለት ነበር። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም አጥርታ የምትሰማው ሆሳዕና ብቻ ናት። ሙዚቃ ሲሰማ ግን ሌላ ሰው ነው። ፍላሽ የምትሰካባት አንዲት ትንሽ ስፒከር አለችው፤ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል።

እናታቸው ከአራት ዓመት በፊት ስታርፍ ለሆሳዕና የተወችላት ቃል አንድ ነበር። ወንድምሽን ሰው እንዳይጫወትበት። ሆሳዕና ቃሉን ለመጠበቅ የቻለችውን ስታደርግ ኖራ፣ ባለፈው ዓመት ልክ እንደዛሬው በቡና ለቀማ ወቅት፣ ሚዛን ከተማ በእንግዳ ሰው በተሞላበት ሰሞን ልጁ አመለጣት። መናኸሪያው አጠገብ የተሰበሰቡ ጎረምሶች አረቄ እያጠጡና በስልክ እየቀረጹ ከቀትር እስከ አመሻሽ አስጨፈሩት። ስትደርስ ሸሚዙ በላብና በትውከት ርሶ፣ ጉልበቱ እየተብረከረከ፣ አሁንም ይጨፍራል። ዘፈኑን ያቆመለት ሰው አልነበረም። ቪዲዮውን በቤተ ክርስቲያናቸው ሳይቀር ያላየው ሰው የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ሲቆለፍ ኖሯል።

ማናልሞሽ ስፒል የተሰካበትን ቀሚስ እንደለበሰች ወደ ግቢው ወጣች። የተፈጠረው ሲገባት ስለ ቀሚሱ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ልጁ ተመልሶ ቢመጣ ሰው እንዲያገኝ እሷ እዚያው እንደምትጠብቅ ነገረቻትና ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች።

ጎረቤታቸው ቴዲ ባጃጁን እያጠበ ነበር። የሆሳዕናን ፊት አይቶ ባልዲውን ደፋና ሞተሩን አስነሣ። መጀመሪያ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ሄዱ፤ ባለቤቱ ዛሬ እንዳላየው ማለላቸው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን አዳራሽ ሄዱ፤ ተዘግቷል። ድልድዩ ላይ ቴዲ ሳይጠየቅ አቆመ። ሆሳዕና ወርዳ ወደ ውኃው ተመለከተች። የኅዳር ውኃ ብዙ አልነበረም፤ ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ወደ ባጃጁ ተመለሰች።

"መናኸሪያ እንሂድ?" አለ ቴዲ ቀስ ብሎ።

ልትሄድበት የማትፈልገው ቦታ እሱ ስለሆነ እስካሁን እንዳላነሣው ሁለቱም ያውቃሉ። ራሷን ነቀነቀች።

መናኸሪያው በር ላይ በሸራ የተሸፈነ ቡና የጫኑ አይሱዙዎች ተደርድረዋል። ከእነሱ ማዶ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ ከመካከሉ ሙዚቃ ይጮኻል፤ ስልኮች ከራስ በላይ ተነሥተዋል፤ ሳቅ አለ። ሆሳዕና ባጃጁ ሳይቆም ዘለለች። አንዱን በክርን፣ አንዱን በትከሻ እየገፋች መሀል ገባች። መሀል ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የሳሙና ሻጭ፣ ማይክራፎን ይዞ፣ ከሚጨፍር ሰው ጋር ሳይሆን ከአንድ ካርቶን ጋር ቆሟል። አልአዛር የለም። ሳቁ በሻጩ ቀልድ ነበር። እዚያው መሀል ላይ እንደቆመች ሁሉም ሲያዩዋት በየት እንደምትወጣ ጠፋት።

እጇን ይዞ ያወጣት አንድ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሙሴ የሚባል ተራ አስከባሪ። ሆሳዕና ወዲያው አወቀችው። ባለፈው ዓመት አልአዛርን ከከበቡት አንዱ ነበር። እጇን ነጠቀችው።

"ወንድሜን የት አደረጋችሁት?"

ሙሴ ዓይኗን ማየት አልቻለም። "እኛ አይደለንም፣ እህቴ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብቻውን መጣ። ሸዋ ቤንች የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣ።"

"ማን ወሰደው?"

"ማንም። ረዳቱ ወዴት ነህ ሲለው 'ሸዋ' አለ። ደጋግሞ 'ሸዋ' አለ። እዚያ ሰው የሚቀበለው መስሎን…" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አልሳቅንበትም። ከሹፌሩ ኋላ ቦታ ለቅቄ አስቀመጥኩት።"

ሸዋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልአዛር ይህንኑ ቃል ሲል ከርሟል። "ሸዋ፣ ሸዋ" እያለ እጅጌዋን ሲጎትታት ሻይ የሚላት መስሏት ታፈላለት ነበር። እሱ ሻዩን ይጠጣና መልሶ "ሸዋ" ይላል፤ አንዳንዴም ያለቅሳል። ሆዱን ይሆናል ብላ የሆድ መድኃኒት ገዝታለታለች።

አሁን ትዝ አላት። ከሦስት ሳምንት በፊት ለታይሮይድ ምርመራ ሆስፒታል ይዛው ሄዳ ነበር። አግዳሚው ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ በነጠላ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ተቀምጣለች፤ እናቷ እጇን ይዛታለች። የአንድ ሰው ስልክ ጠራና ዘፈን ተሰማ። አልአዛር እንደተቀመጠ ትከሻውን ሲያንቀሳቅስ የልጅቷ ነጠላ ወረደ። እንደ እሱ ያሉ ዓይኖች፣ እንደ እሱ ያለ ክብ ፊት። እሷም ትከሻዋን አንቀሳቀሰች። ስልኩ ተነሥቶ ዘፈኑ ሲቋረጥ ሁለቱም እኩል ቆሙ፤ ተያዩ፤ ሳቁ። እናትየው ልጇን መልሳ ሸፈነች። ሆሳዕና ከየት እንደመጡ ጠይቃ ሴትዮዋ "ከሸዋ ቤንች" ብላ በአጭሩ መልሳላት ነበር። ከዚያ ነርሷ ተጣራችና ነገሩ በዚያው አለቀ። ለሆሳዕና አለቀ ማለት ነው።

ወደ ሸዋ ቤንች የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ቴዲ ባጃጁ ከከተማ ውጭ እንደማይፈቀድለት እያወቀ ልውሰድሽ ብሏት ነበር፤ እምቢ አለችው። መንገዱን ሁሉ ፊቷን ከመስኮቱ አላነሣችም። የሚያልፏትን እያንዳንዷን ቦይና እያንዳንዷን መታጠፊያ ታያለች። አእምሮዋ ዝም አላለም። ሰው ከሚኒባሱ አውርዶት ይሆን? ሸዋ ቤንች ደርሶ ማንንም ሳያገኝ በእግሩ ወደ ጫካው መንገድ ገብቶ ይሆን? እዚያስ ጎረምሳ የለም?

ትንሿ ከተማ ሸዋ ቤንች ስትወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ሴት አየችና በቤንችኛ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አልተደነቀችም። ሙዚቃ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ልጅ መሆኑን አረጋገጠችና ወደ ዓለምሰገድ ቤት እንደሄደ፣ የጎረቤት ልጆች እንዳደረሱት ነገረቻት።

"ዓለምሰገድ ማነው?" አለች ሆሳዕና።

"ቡና ነጋዴው ነዋ። የምሕረት አባት። ልጁን ስናየው የምሕረት ዘመድ መስሎን ልጆቹን አድርሱት አልን።"

"ምሕረትን ታውቋታላችሁ?"

ሴትዮዋ ሙዙን እያስተካከለች ሳቅ አለች። "አባቷ ከቤት አያወጣትም። ሰው የማያውቅ ይመስላቸዋል። በበሩ ቀዳዳ ስትጨፍር ስናያት አይደል የኖርነው።"

ሆሳዕና መንገዱን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል። የስፒከሯን ድምፅ፣ ከፍ ሲል የሚሰነጠቀውን፣ ከሺ ድምፅ መካከል ትለየዋለች። ሮጠች። ቤቱ ከፍ ባለ የብሎኬት አጥር የታጠረ ነው። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

ጠባብ ክፍተት አድርጋ የከፈተችው ያቺው የሆስፒታሏ ሴት ነበረች። የሆሳዕናን ፊት ለአፍታ አጥንታ አስታወሰቻት፤ በክንዷ ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻትና በሩን ዘጋችው።

"ቶሎ ግቢ፣ ሰው ያይሻል" አለች።

ግቢው ሰፊ ነው። ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት የተሠሩ ረጃጅም የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ቀይ ቡና ተሰጥቶባቸዋል። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ አልአዛር ይጨፍራል። ከፊት ለፊቱ ምሕረት አለች።

ሆሳዕና የወንድሟን ጭፈራ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ምላሱን በጥርሱ ያዝ ያደርጋል፣ ምቱን ጥቂት አስቀድሞ ይሰማዋል፤ ከዚያ እግሩን ከመሬት ሳያነሣ ጉልበቱ ይጀምራል፤ ትከሻው ይከተላል። ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጨፍረው። አሁን ዓይኖቹ ተከፍተዋል። ምሕረት የቀሚሷን እጅጌ በጣቶቿ ጨብጣ ትከሻዋን ስትጥል፣ እሱ ይጠብቃታል። እሱ ሲወርድ እሷ ትጠብቀዋለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ፤ አልአዛር መዳፉን ያነሣል፤ ቆይ ማለቱ ነው። የሚቀጥለው ሲጀምር እኩል ይነሣሉ።

ሆሳዕና ይህን ሁሉ ያየችው በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየችው ጠዋቱን ሙሉ ስትፈራው የነበረውን ነገር ነው። ሄዳ ክንዱን ያዘች።

"ና። ወደ ቤት።"

አልአዛር ዞሮ አያት። ደስ አለው፤ ፈገግ አለ። ስትጎትተው ግን ክንዱን አስለቀቀ። በሕይወቱ እንዲህ አድርጓት አያውቅም።

"እምቢ" አለ። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። "ገና ነው።"

ምሕረት ሸሚዙን ከኋላ በሁለት እጇ ጨበጠች። ሆሳዕናን ትክ ብላ ታያታለች። ሆሳዕና እዚያው የማድረቂያው አልጋ እግር ላይ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አልአዛር መጥቶ ራሷን ዳበሳት፣ ከዚያ ተመልሶ ሄደ፤ ዘፈኑ ጀምሯል።

ንጋቷ፣ የምሕረት እናት፣ ውኃ በጣሳ አመጣችላት። ተጎንብሳ አጠገቧ ተቀመጠች። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ከፍታ ልጁን ስታየው ልታባርረው እንደነበር አልደበቀቻትም። ምሕረት ግን ከቤት ውስጥ ሙዚቃውን ሰምታ ወጣች።

"ሳያት ጊዜ…" አለች ንጋቷ። ዓይኗን ከሁለቱ አላነሣችም። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ብቻዋን ስትጨፍር ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ወደዚህ ዙሪ ብላት አትዞርም። ዛሬ ዞረች።"

ሆሳዕና ውኃውን ጨለጠች። "ለምን ትሸፍኗታላችሁ እትዬ? ይቅርታ፣ አያገባኝም ይሆናል።"

"የአባቷ ነገር ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ስምንት ዓመት ሲሆናት ገበያ ይዟት ሄደ፤ ልጆች ተከትለው ድንጋይ ወረወሩባት፤ ግንባሯ ላይ ስድስት ቦታ ተሰፋ። ተሸክሟት ሲመለስ ሸሚዙ በደም ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው እንዳያያት አለ። እኔም እሺ አልኩ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ሆስፒታል የወንድምሽን መልክ ሳይ ማታውን አልተኛሁም። የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሚዛንን ያህል ቅርብ ቦታ ሌላ እናት አለች ብዬ አላሰብኩም።"

ሆሳዕና እናታቸው እንዳረፈች ነገረቻት። ባለፈው ዓመት መናኸሪያው ላይ የሆነውንም ነገረቻት፤ ለማንም እንዲህ አድርጋ ተናግራው አታውቅም። ሸሚዙን፣ ጉልበቱን፣ ያልቆመውን ዘፈን። ንጋቷ ሳታቋርጥ ሰማቻት። ሁለቱም ልጆቹን አዩ። አልአዛር ደክሞት ሲያለከልክ ምሕረት መዳፏን አነሣች። ቆይ። እሱም ቆመ፤ እስኪበቃው ተነፈሰ። ዘፈኑ እየሄደ ነበር፤ እሷ ግን ጠበቀችው።

የንጋቷ ስልክ ጠራ። አንሥታ ሰምታ፣ "እሺ… እሺ" ብላ ዘጋችው። ባለቤቷ ገበሬ ዘንድ ቡና ሊገዛ ሄዶ ነበር፤ ቀድሞ ጨርሷል፤ በሞተሩ እየመጣ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።

"እህቴ፣ ልጁን ያዥልኝና በጓሮ ውጡ" አለች። "በቡናው መሀል መንገድ አለ፣ ዋናው አስፋልት ላይ ያወጣችኋል። ዓለምሰገድ እንግዳ ሰው ግቢው ውስጥ ካገኘ፣ ያውም ወንድ ልጅ ካገኘ፣ ሁለተኛ እሷን ከክፍሏ አያስወጣትም።"

ሆሳዕና ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ከጠዋት ጀምሮ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ወንድሟን ይዛ፣ ማንም ሳያያቸው፣ ቤቷ መግባት። ወደ አልአዛር ሄዳ ስፒከሯን ከአንገቱ ልታወልቅ እጇን ዘረጋች። እሱ አልተቃወመም። አንገቱን ዝቅ አደረገላት፤ ታቆመዋለች ብሎ ጠበቀ። ምሕረት ይህን አየች። ቀስ ብላ፣ ማንም ሳያዛት፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

ሆሳዕና እጇን መለሰች።

ወደ በረንዳው ሄዳ ከግድግዳው ሥር ያለውን ረጅም አግዳሚ ወደ ግቢው ጎትታ አወጣችው። በሩ በግልጽ የሚያየው ቦታ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ንጋቷ።

"አባወራዎን ሰላም ሳንል አንሄድም።"

"አታውቂውም እኮ።"

"አላውቃቸውም" አለች ሆሳዕና። "ግን የሚፈሩትን አውቀዋለሁ። በጓሮ ከወጣን ወንድሜ ሌላ ቀን ብቻውን ይመጣል፤ ያን ቀን ምን እንደሚያገኘው አላውቅም። ካባረሩን በዋናው በር ያባርሩን።"

ንጋቷ ወዲያ ወዲህ ብላ ግራ ገብቷት ቆየች። አንዴ ምሕረትን ወደ ቤት ልታስገባ ክንዷን ያዘች፤ መልሳ ለቀቀችው። የሞተሩ ድምፅ ከመንገዱ ሲሰማ እጇ ወደ ስፒከሯ ሄዶ ነበር። አልነካችውም። መጥታ ከሆሳዕና አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ።

ሞተሩ በሩ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ዓለምሰገድ ረጅም፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ነው፤ ከሞተሩ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ጆንያ ቡና ታስሯል። ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ እንግዳዋን አየ፤ ከዚያ ወደ ማድረቂያ አልጋዎቹ አየ። ፊቱ ጠቆረ። አንድ እርምጃ ወደዚያ ተራመደ።

ምሕረት አባቷን አይታ ፈራች፤ ትከሻዋ ቆመ። አልአዛር መዳፉን አነሣላት። ቆይ። ሰውዬውንም መዳፉን አሳየው፤ እሱም እንዲቆይ ነው። ሁለቱ ቆመው ጠበቁ። ምቱ ሲመጣ አልአዛር ጉልበቱን ሰበረ፤ ምሕረት ወደ አባቷ እያየች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ትከሻዋን ጣለች።

ዓለምሰገድ እርምጃውን አልጨረሰም። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ሞተሩን አጠፋ። ግቢው ውስጥ የቀረው የስፒከሯ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሆሳዕና ከአግዳሚው ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች። ፊት ለፊቱ ቆማ እጇን ዘረጋች።

"ሆሳዕና እባላለሁ፣ ከሚዛን ነው የመጣሁት" አለችው። "የልጅዎ ጓደኛ እህት ነኝ።"

ሰውዬው ከትከሻዋ በላይ ምሕረትን ነበር የሚያየው። ከዚያ የቡና ገለባ የተለጠፈበትን እጁን ሱሪው ላይ አንዴ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገና ጨበጣት።